በአጥቢያው መዝገብ ያልሰፈሩት የባሕር ዳር ነዳያን

ባሕር ዳር ላይ በረንዳ የሚያድር ሰው የበዓላቱን ቀን ከብዙ ባለ ቤት ምዕመን አብልጦ ያውቃል። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፤ ወር በገባ ቁጥር ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ቅዳሴ እስኪወጣ ይጠብቃል። ዝክር የሚዘክር ቤተሰብ ዳቦውንና ጠላውን፣ ንፍሮውንና ቆሎውን ይዞ የሚመጣው በእነዚህ ቀናት ነው። ስለት ያለበትም፣ ጽዋ የሚጠጣ ማኅበርም እንዲሁ። በጊዮርጊስ ዕለት ከሦስት ቤት የመጣ ዳቦ የደረሰው ሰው ታዲያ ከ24 እስከ 26 ባሉት ቀናት ጾሙን ሊያድር ይችላል። ከ8 እስከ 11 ያሉት አራት ቀናትም ይከብዳሉ። በመካከል እሑድ ከዋለና ሰንበቴ ካለ እፎይ ይባላል፤ ካልዋለ ሆቴል በር ላይ ትርፍራፊ መጠበቅ ነው።

የባሕር ዳር ምዕመን እጁ አልታጠፈም። በዋጋ ንረት መካከል፣ በተለይም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የጤፉም የዘይቱም ዋጋ በከበደበት በዚህ ጊዜ፣ ዝክሩን ያላቋረጠ ቤተሰብ ብዙ ነው። ይህ ሊከበር የሚገባው ነገር ነው። ነገር ግን ርኅራኄው በታቦት ቀን ዙሪያ ተከምሯል፤ ከዚያ ውጭ ባሉት ቀናት ይሳሳል።

አሰጣጡን ቀረብ ብሎ ላየ ደግሞ ሌላ ነገር ይታየዋል። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሲበተን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በፕላስቲክ ባልዲ ሽሮ ወጥ፣ በትልቅ ሳፋ እንጀራ ይዘው ከቅጽሩ በር አጠገብ ይቆማሉ። ሰልፍ ይሠራል። ሕፃን የታቀፉ ሴቶች ይቀድማሉ፤ ዓይነ ስውራንን መሪ ልጆቻቸው እየያዙ ያስጠጓቸዋል። ሳህን ያለው ጥቂት ነው። ሳህን የሌለው ፌስታሉን ይከፍታል፤ እንጀራው ይገባና ትኩሱ ሽሮ ከላይ ይገለበጥለታል። ፌስታሉ በሙቀቱ ይልማል፤ ተቀባዩም እንዳይቀደድበት ከሥር በሁለት እጁ ደግፎ ጥግ ፍለጋ ይሄዳል። ወጣቱ «ይበቃዎታል አባባ?» ይላል። ሽማግሌው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ ዕድሜ ይስጥህ» ይላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ንግግር እዚህ ላይ ያበቃል። በሚቀጥለው ወር በዚያው ዕለት እንደገና ይገናኛሉ። እንዲህ ሲገናኙ ዓመት ይዞራል፤ ወጣቱ ግን የሽማግሌውን ስም አያውቅም፤ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደሚያማቸው፣ የት እንደሚያድሩም አልጠየቀም።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው። በባሕር ዳር አጥቢያዎች ደጅ ከእህሉ ይልቅ የጎደለው ነዳዩን በስሙ የሚያውቀውና እንደ ራሱ ምዕመን የሚቆጥረው አጥቢያ ነው። ከዚህ ጉድለት የሚመጣው መዘዝ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ቅጽር አልፎ እስከ ጤና ጣቢያውና እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ድረስ ይዘልቃል።

በረንዳ ላይ የሚያድሩት ሰዎች በአንድ መንገድ የመጡ አይደሉም። ባሕር ዳር የክልል ዋና ከተማ ናት፤ ጎንደርን፣ ጎጃምንና ወሎን የሚያገናኙ መንገዶች ይገናኙባታል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ አውቶቡስ የሚቀይረው እዚህ ነው። ሲመለስ ታሞ ወይም የለፋበትን ተዘርፎ ከሆነ ወደ አገሩ ከመሄድ ይልቅ እዚሁ ይቀራል፤ ባዶ እጁን መመለስ ያሳፍረዋልና። ከገጠር ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የመጣ በሽተኛና አስታማሚ ስንቁን ጨርሶ አስፋልት ዳር የሚወድቅበት ጊዜ አለ። የእንጀራ እናት የከበደው ልጅ ከይልማና ዴንሳ ወይም ከመርዓዊ በኩል ተነሥቶ የሊስትሮ ዕቃ ይዞ ይመጣል። በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ አርግዛ የተባረረች ልጅ አለች። የአእምሮ ሕመም ያለበትን ወንድማቸውን ወደ አንዳሳ ጊዮርጊስ ጠበል ያመጡና ገንዘባቸው አልቆ ትተውት የተመለሱ ቤተሰቦች አሉ። በዚህ ሁሉ ላይ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ውስጥ የቀጠለው ግጭት ተደርቦበታል። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከብቱ የተነዳበት፣ ከሌላ ክልል ተፈናቅሎ የመጣ ገበሬ ልጆቹን ይዞ ከእነዚህ ሰዎች ጎን ተቀምጧል።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባሕር ዳርን ጨምሮ በክልሉ ከተሞች የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ሁሉም ከመሸ በኋላ ቤቱ እንዲገባ ታዘዘ። ቤት የሌለው ሰው የሚገባበት የት እንደሆነ ትእዛዙ አላሰበበትም። በዚያን ጊዜ የደብር ቅጽር ለስንቱ መጠጊያ እንደሆነ የሚያውቁት የደብሮቹ ጥበቃዎች ናቸው።

ከተማዋም እየተለወጠች ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ፣ የሐይቁ ዳርቻ ሥራዎች፣ የኮሪደር ልማቱ፣ ሁሉም ለዓይን ደስ ይላሉ፤ ለከተማዋም ያስፈልጋሉ። ሆኖም መንገድ ሲሰፋ የሱቅ በረንዳ ይፈርሳል፤ የተከፈተ ሜዳ ሲታጠርና ሣር ሲተከልበት ላስቲክ የወጠረው ሰው ይነሣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው። የባሕር ዳር ደብሮች በመጪዎቹ ዓመታት በደጃቸው የሚያገኙት ሰው ከዛሬው ይበዛል ብሎ መገመት ስለዚህ ስሕተት አይሆንም።

አሁን ወደ ወባው እንምጣ፤ ጉዳዩን ከምንም በላይ የሚያሳየው እርሱ ነውና። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጣና ዳር የተቀመጠች ወባማ ከተማ ናት። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። አጎበር የሚታደለው በቤተሰብ ቁጥር ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትሄደው ከቤት ወደ ቤት ነው። በሐይቁ ዳር በዘንባባ ሥር የሚተኛው ሰው ለትንኝ ከሁሉም የተጋለጠ ሆኖ ሳለ በዚህ ቆጠራ ውስጥ የለም። ክፋት ያለበት ሰው የለም፤ ቅጹ ላይ የቤት ቁጥር የሚል ቦታ አለ፣ እርሱ ደግሞ የቤት ቁጥር የለውም።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኑም እንደዚሁ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋው ይህ ሥርዓት መዋጮ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት እንዲከፍልላቸው ያደርጋል። መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን «መክፈል የማይችል» መሆኑን የሚመሰክረው ቀበሌ ነው፤ ቀበሌ የሚያውቀው ደግሞ ነዋሪውን ነው። ሲም ካርድ ለማውጣት፣ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት፣ የቀን ሥራ ለመቀጠር መታወቂያ ይጠየቃል፤ ለመታወቂያ አድራሻ ይጠየቃል። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ ሰነድ ለሌለው ሰው በምስክር የመመዝገብ በር ከፍቷል። ጥያቄው የሚመሰክርለት ማን ነው የሚለው ነው።

መንግሥት በወረቀት ላይ ግዴታውን አልካደም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት ለመርዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። በ2007 ዓ.ም. ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ወጥቷል። የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ በ11 ከተሞች ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጠችው ደሴ ነበረች፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ከ80 በላይ ወደሆኑ ከተሞች ሰፍቷል። በሌላ ወገን በአዋጅ ቁጥር 384/1996 የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ ሕግ ሥራና መተዳደሪያ የሌለውን ሰው በጥርጣሬ ያያል። አንዱ ሕግ «ርዳው» ሲል ሌላው «ያዘው» ይላል፤ በመካከል የቆመው ሰው የትኛው እንደሚደርሰው አስቀድሞ አያውቅም። ታላቅ ስብሰባ ወይም በዓል ሲቃረብ ጎዳና አዳሪዎችን በመኪና ጭኖ ከከተማ ማውጣት በአገራችን የታወቀ ልማድ መሆኑን ስናስታውስ ፍርሃቱ ምክንያት አለው።

ቤተ ክርስቲያን ግን ከቀበሌ የቀደመ ልምድ አላት። ፍትሐ ነገሥት ለምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ፣ አንቀጽ 16ን ሰጥቶታል፤ ጾምና ጸሎት ከሚታዘዙበት ቦታ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ይህን ሕግ በኑሮ ለማየት ደግሞ የጎጃምን የአብነት ትምህርት ቤቶች ማየት ይበቃል። በዋሸራና በደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤቶች የነበረ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ መንደር ለመንደር ሲዞር ኖሯል። ዛሬ በማኅሌቱ ፊት ቆመው የምናያቸው መሪጌቶች፣ በመቅደስ የሚያገለግሉ ካህናት፣ ብዙዎቹ የተማሩት በዚህ የልመና እህል ነው። ከደጃፍ የሚለምንን ሰው መናቅ ለዚህች ቤተ ክርስቲያን የገዛ መምህሮቿን መናቅ ነው።

የአብነቱን ተማሪ ከበረንዳ አዳሪው የሚለየው ምን እንደሆነ ግን ልብ እንበል። ሁለቱም ይለምናሉ፤ ሁለቱም ጎናቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ከጎጆ ያነሰ ነው። ተማሪው ግን የኔታ አሉት። ቢታመም የኔታ ይጠይቁታል፤ ቢዘገይ ጓደኞቹ ይወጡለታል፤ ውሻ ቢነክሰው የመንደሩ ሴቶች «የየኔታ ተማሪ ነው» ብለው ቁስሉን ያጥቡለታል። ቢሞት ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለማን መልእክት እንደሚላክ ይታወቃል። የሚለምን ሕይወት ሆኖ ሳለ ሰው አይጠፋበትም። በከተማው ደጅ ያለው ነዳይ ያጣው ይህን ነው።

ባለ ቤት የሆነው ምዕመን በየኔታ ፈንታ የንስሐ አባት አለው። የንስሐ አባት ቤቱን ያውቁታል፤ ሲታመም ይመጣሉ፣ ጠበል ይረጫሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ያስታርቃሉ፣ ሲሞት ይፈቱታል። ይህ ሁሉ በቤት ላይ የተመሠረተ ነው። በረንዳ የሚያድረው ሰው ቤት ስለሌለው የሚመጡለት አባት የሉም። በሰበካ ጉባኤው መዝገብም አይገኝም፤ መዝገቡ የሚያዘው አስተዋጽኦ በሚከፍሉ ምዕመናን ስም ነውና። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ቃለ ዓዋዲ በተባለው ደንብ የሚመራው የሰበካ ጉባኤ ሥርዓት ካህናትን፣ ምዕመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ግሩም አደረጃጀት ነው። ከሕንጻው እስከ መብራቱ ድረስ ሁሉም ነገር እዚያ ይታያል። በደጁ ላይ ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ሰው ግን በአጀንዳው ላይ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ «በሩን አጨናነቁት» በሚል አቤቱታ ነው።

ጉድለቱ እስከ መጨረሻው የሚገለጠው በሞት ጊዜ ነው። ባለ እድር ሲሞት ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል። እድር የሌለው ሰው ሲሞት አብረውት ያደሩት ሰዎች ሳንቲም አሰባስበው መግነዝ ይገዛሉ፤ የሰፈር ሰው ይጨምርበታል፤ ካህናቱም ያለ ክፍያ ይወጡለታል። በዚህ የባሕር ዳርን ካህናት ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ፍትሐቱ ስመ ክርስትናውን ይጠይቃል። «ማን እንበል?» ሲባል የሚመልስ የለም። ሰውየው በዚያው ደብር ደጅ ዓመታት የበላ፣ የኪዳን ጸሎት ሳያመልጠው ያደረሰ፣ በቅዳሴ ጊዜ ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ያስቀደሰ ሊሆን ይችላል። ስሙ ግን አልተጠየቀም።

ይህን ለማረም አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ደብር ደጀ ሰላም አለው፤ እንግዳና ካህን እህል የሚቀምሱበት፣ ጣሪያና ወንበር ያለው ቤት። ነዳያኑ በወር ጥቂት ቀን እንኳ ፌስታላቸውን ትተው እዚያ ተቀምጠው በሳህን ቢበሉ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ ሰው ተቀምጦ ሲበላ ይናገራልና። ሲናገር ስሙን መጠየቅ ይቻላል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ ደብተር ይበቃዋል፦ ስም፣ ስመ ክርስትና ካለው እርሱም፣ የትውልድ አገር፣ የቅርብ ዘመድ፣ ሕመም ካለ ሕመሙ። ከዚያ በኋላ ካህናቱ ተከፋፍለው የንስሐ አባትነቱን ይውሰዱ። አንድ ካህን አምስት ወይም ስድስት የበረንዳ ልጆች ቢደርሱት ከያዛቸው ቤተሰቦች ቁጥር ጋር ሲተያይ ብዙ አይደለም።

ደብተሩ ከቅጽር መውጣት የለበትም። አፈሳ ባለበት አገር የጎዳና አዳሪዎችን ስም ዝርዝር ያለ ጥንቃቄ መያዝ ሰዎቹን አሳልፎ መስጠት ይሆናል። አጥቢያው ለቀበሌ የሚጽፈው ደብዳቤ ባለ ጉዳዩ ራሱ ሲጠይቅ፣ ለራሱ ጉዳይ ብቻ መሆን አለበት። አጥቢያዎች ለጋብቻ፣ ለክርስትና ምስክር ወረቀት፣ ለልዩ ልዩ ጉዳይ ደብዳቤ መጻፍ የለመዱት ነው፤ «ይህ ሰው በደብራችን አካባቢ የሚኖር መሆኑን እናውቃለን» የሚል ደብዳቤ ከዚያ የሚለይ ሥራ አይደለም። ይህች አንዲት ገጽ የመታወቂያን በር ልትከፍት፣ በእርሱም በኩል የጤና መድኑን ልታስገኝ ትችላለች።

የቀኑ ክምችትም መፍትሔ አለው። ሀገረ ስብከቱና የወረዳ ቤተ ክህነቱ ደብሮቹን ሰብስበው ባዶ የሚቀሩትን ቀናት ቢያከፋፍሉ፣ ዝክር ያለው ሰው ሁሉ በራሱ ታቦት ቀን እንዲያመጣ መከልከል ሳያስፈልግ፣ ከ8 እስከ 11 ያሉት ቀናት የሚሸፈኑበት መንገድ አይጠፋም። የጾም ወራትም አሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቁርሱን የሚተው ምዕመን የተወውን ለድሃ እንዲሰጥ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ አብዛኞቻችን ግን ቁርሱን ወደ ከሰዓት እናዛውረዋለን እንጂ አንሰጠውም።

ተቃውሞ ይነሣል፤ ሲነሣም ሰምቻለሁ። «ስንፍና ማበረታታት ነው» የሚሉ አሉ። ጉልበት ያለው ወጣት በልመና ሲኖር ማየት የሚያበሳጭ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ጉልበት ያለውን ከታመመው፣ ሱስ የያዘውን ከተፈናቀለው ለመለየት መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የማያውቁትን ሰው ሰነፍ ነው ማለት ይከብዳል። ስሙ የታወቀ ወጣት ሥራ ሊፈለግለት ይችላል፤ በአጥቢያው ውስጥ ግንበኛ አለ፣ ጋራዥ ያለው አለ፣ ዳቦ ቤት ያለው አለ። ሰው ሳይመሰክርለት ማንም በረንዳ አዳሪ አይቀጥርም።

ሌላው ክርክር የገንዘብ ነው፤ ይህን በአክብሮት ነው የማነሣው። የብዙ ደብር ካህን ደመወዙ ራሱን አያኖረውም። ሆኖም ለሕንጻ ማሠሪያ በየሰንበቱ በድምፅ ማጉያ የምንለምነውን ያህል ለደጃችን ሰው በወር አንድ ጊዜ እንኳ አንለምንም። ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ የሚገባው ገንዘብ በምን እንደሚውል የሚወስነው ሰበካ ጉባኤው ነው፤ ለበጎ አድራጎት ክፍሉ የሚመደበው ድርሻ ከሕንጻው በኋላ በተረፈው ሳይሆን ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት ባይ ነኝ።

ከነዳያኑ መካከል ሙስሊም አለ፣ ፕሮቴስታንት አለ። ዓርብ መስጊድ በር፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር የሚቆም ሰው ማየት በባሕር ዳር እንግዳ ነገር አይደለም። ለእነርሱ የንስሐ አባት አይመደብም፤ ስማቸው ግን ይጠየቃል፣ ሕመማቸው ይታወቃል፣ በሳህን ይበላሉ፣ ደብዳቤውም ይጻፍላቸዋል። ከመስጊዱ ኮሚቴ ጋር መነጋገር ያለበት ሰው ካለ ከአጥቢያው የተሻለ አይገኝም።

ለመጀመር ፍልሰታ የተመቸ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቅዳሴው በየዕለቱ ነው፤ ሕዝቡ በብዛት ይመጣል፤ ዝናቡ በርትቶ ሰዎቹ ከበረንዳ ወደ ደብር ጥግ የሚጠጉትም በዚያው ወር ነው። ያው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች 15 ቀን በተከታታይ ያንኑ ሰው በደጀ ሰላም ቢያስተናግዱ በ16ኛው ቀን የማያውቁት ስም አይቀርም። መስከረም ላይ ወባው ከመነሣቱ በፊት ለጤና ጣቢያው «በደብራችን ጥግ ይህን ያህል ሰው ያድራል፤ አጎበር ያስፈልገናል» ብሎ ለመናገር ጊዜው ይደርሳል። ልጆቹ አሉ፣ ደጀ ሰላሙም አለ፤ ሰበካ ጉባኤው በሐምሌ ስብሰባው ጉዳዩን በአጀንዳ ይዞ መወሰን ይጠበቅበታል።